እትዬ መንገድ እና የተቆለፈው በር

ሥራችሁን አቋርጣችሁ፣ ከቅርብም ከሩቅም መጥታችሁ ሐዘናችንን የተካፈላችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች፣ እግዜር ይስጥልን፤ ብድራችሁን በደስታ ይክፈልልን። አስከሬናቸው ዛሬ በመካከላችን ያረፈውን የታላቅ እህታችንን የሕይወት ታሪክ የሚያነብላችሁ ታናሽ ወንድማቸው ነው። እርሳቸው በሕይወት ሳሉ ይህን ጽሑፍ አይተውት ቢሆን ኖሮ ግማሹን ሰርዘው፣ የቀረውን ግማሽ ደግሞ «ይኼ ሁሉ ምን ያደርጋል» ብለው ይመልሱት እንደነበር እናውቃለን። ስለዚህ ማንም ያልሰረዘውን እንዳለ እናነባለን፤ በሚነበበው ነገር ቅር የሚለው ሰው ከመካከላችን ቢኖር፣ ቅር እንዲለው ታስቦ የተጻፈ መሆኑን ከወዲሁ ይወቅልን።

ታላቅ እህታችን ከከተማ አውቶቡስ ሹፌሩ አባታችንና ከስልክ ማዞሪያ ሠራተኛዋ እናታችን፣ ከአውቶቡሶቹ ማደሪያ ግቢ ጀርባ በነበረችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። የቤቱ ግድግዳ በናፍጣ ጢስ ቶሎ ቶሎ ስለሚጠቁር እናታችን በየዓመቱ ኖራ ይቀቡት ነበር፤ እኛ ልጆቹም ነጭ ልብስ ምን እንደሆነ ሳናውቅ አደግን። አባታችን ሳምንቱን ሙሉ መሪ ጨብጠው ሰው ሲያመላልሱ ስለሚሰነብቱ፣ በእረፍት ቀናቸው ጎማ ያለው ነገር ላይ አይወጡም ነበር፤ «ስድስት ቀን ሰው ተሸክሜ በሰባተኛው ማንም እንዲሸከመኝ አልፈልግም» ይሉና ልጆቻቸውን አስከትለው፣ ወንዙን ተከትለው፣ እስከ ከተማው ዳር በእግራቸው ይጓዙ ነበር። እህታችን የወተት ጥርሳቸው ሳይነቀል ከአባታችን እኩል ለመራመድ ዱብ ዱብ ይሉ እንደነበር፣ ታናሽ ወንድማቸው ግን የመንገዱን ግማሽ በአባቱ ጫንቃ ላይ ተቀምጦ ይጨርስ እንደነበር እናታችን ለመጣው እንግዳ ሁሉ ሲያወሩ ኖረዋል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራችን ትምህርት ቤት ገብተው የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አጠናቀዋል። በትምህርታቸው ጎበዝ፣ በጠባያቸው ግን አስቸጋሪ ነበሩ፤ ይህንን የምንለው ለወግ ያህል አይደለም። የጂኦግራፊ መምህሩ የከተማዋን ካርታ በሰሌዳ ላይ ስለው እንደጨረሱ፣ እህታችን እጃቸውን አውጥተው የእኛ ቤት የት እንዳለ ጠየቁ። መምህሩ በካርታ ላይ የሁሉም ሰው ቤት እንደማይወጣ ሲያስረዷቸው ደግሞ «ታዲያ የማን ቤት ነው የሚወጣው?» ብለው በመድገማቸው ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ከውጪ እንዲቆሙ ተፈረደባቸው። ይህንን ጥያቄ ከዚያ በኋላ ለብዙ ሹማምንት አቅርበውታል፤ ከመምህሩ የተሻለ መልስ የሰጣቸው ግን አልተገኘም። በዩኒቨርሲቲ የከተማ ፕላን አጥንተው በማዕረግ ሲመረቁ፣ አባታችን ለክብራቸው ሲሉ በእግራቸው ስለመጡ፣ አዳራሹ የደረሱት ሰው ሊበተን ሲል ነበር።

ከምርቃት በኋላ በማዘጋጃ ቤቱ የፕላን ክፍል ተቀጥረው፣ እስከ ጡረታቸው ድረስ በዚያው በሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ በቀለም ተጣብቆ በማይከፈትበት፣ የንድፍ ጠረጴዛው አንድ እግር በተጣጠፈ ካርቶን በተደገፈበት ክፍል ውስጥ አገልግለዋል። የክፍሉ ልማድ ለአንድ ሰፈር ፕላን ሲወጣ፣ ከወንበር ሳይነሱ፣ ሻይ እየጠጡ፣ ማስመሪያ አጋድሞ መስመር መሳብ ነበር። እህታችን ግን ይህ ላም ባልዋለበት ኩበት መልቀም ነው ብለው አልተቀበሉትም። ዝናብ ጥሎ እስኪያባራ ጠብቀው ቦታው ድረስ ይሄዱና፣ ሰው ጭቃውን ረግጦ የወጣበትን፣ ሣሩን ገላልጦ ያለፈበትን፣ ግንቡን ዘሎ የወረደበትን ተከትለው በዓይናቸው ካላዩ በስተቀር እርሳስ አያነሱም ነበር። «ሰው በእግሩ የሳለውን እኔ በማስመሪያ አልሰርዘውም» የሚሉት ነገር ነበራቸው። ከዚያ ሲመለሱ ጭቃ የጠገበ ጫማቸውን ከበሩ ውጪ አውልቀው በካልሲ ሲገቡ፣ ባልደረቦቻቸው «እትዬ መንገድ መጡ» እያሉ ይሳለቁባቸው ነበር። ቅጽል ስሙ ከቢሮ ወጥቶ ሰፈር ሲደርስ ፌዙ ቀርቶ የፍቅር ስም ሆነላቸው፤ ሕፃን ሽማግሌው «እትዬ መንገድ» ብሎ ጠራቸው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እህታችን ሞኝም ወረቀትም ሳይሆኑ የያዙትን የማይለቁ ሰው ነበሩ።

ትዳራቸውን በተመለከተ፣ ከመነጽር ሠሪው ባለቤታቸው ጋር የተዋወቁት አንድ የጎርፍ መውረጃ ሲመለከቱ ወድቀው መነጽራቸው በተሰበረ ጊዜ ነው። ሰውየው መነጽሩን ጠግነው ሲሰጧቸው እንዳይደገም ቀስ ብለው እንዲራመዱ መከሯቸው፤ እርሳቸውም ምክሩን ሳይቀበሉ መካሪውን ተቀበሉ። ባለቤታቸው ጉልበታቸውን ያማቸው ስለነበር ሁልጊዜ ከኋላቸው እያዘገሙ «ዓይኗን እኔ አበጀሁላት፣ አሁን ከዓይኔ ልትጠፋ ነው» እያሉ ይቀልዱ ነበር። በፍቅርና በመከባበር፣ አልፎ አልፎም በኩርፊያ፣ በኖሩበት ዘመን አንዲት ሴት ልጅና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ሴቷ ልጃቸው የእንስሳት ሐኪም፣ ወንዱም የኤሌክትሪክ ባለሙያ ናቸው። በልጃቸው ሠርግ ዕለት እህታችን የተደፈነ ቱቦ ሲያስከፍቱ ቆይተው፣ የቀሚሳቸው ጫፍ ጭቃ እንደነካው፣ ሙሽራዋ ከአዳራሹ ልትገባ ስትል መድረሳቸው በቤተሰባችን ውስጥ ገና ይቅርታ ያልተደረገለት ጉዳይ ነው። ይህ ሲነበብ ልጃቸው አንገቷን ስትነቀንቅ እያየናት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ይህ ሰፈር ከገበያው፣ ከጤና ጣቢያውና ከትምህርት ቤቱ የሚለየው በዋናው አስፋልት መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አስፋልቱ ሲሠራ ለመኪና እንጂ ለእግረኛ አልታሰበም፤ በአንድ በኩል ግንብ፣ በሌላ በኩል ቦይ ነው፤ በመካከሉ አሸዋና ድንጋይ የጫነ መኪና ቁልቁል እየበረረ ሲወርድ ሰው ትከሻውን ግንቡ ላይ ለጥፎ ያሳልፋል። ከአስፋልቱ በታች ግን ወንዙን ተከትሎ የሚሄድ ረጅም ክፍት ቦታ ነበር። በማዘጋጃ ቤቱ ካርታ ላይ ይህ ቦታ ለብዙ ዓመታት አረንጓዴ ተቀብቶ ኖሯል። ወርዶ ላየው ግን አረንጓዴ የነበረው ጠርሙስ ብቻ ነበር፤ ግንበኛው የፍርስራሹን ክምር፣ ሆቴሉ ትራፊውን፣ ጎረቤቱም የሞተ ዶሮውን የሚጥለው እዚያው ነበር። እህታችን ከአለቆቻቸው ጋር ተከራክረው፣ በዚህ ሥፍራ ሰው ከቤቱ ወጥቶ መኪና ሳያገኘው ትምህርት ቤትና ገበያ የሚደርስበት፣ የደከመው የሚያርፍበት፣ ልጅ የሚሮጥበት የእግር መንገድ መሠራት አለበት ብለው ተነሡ። በዚያው ሰሞን ቦታውን የጭነት መኪና ማቆሚያ ሊያደርጉት የፈለጉ ሰዎች ነበሩና፣ ጉዳዩ በአንድ ጀምበር የሚያልቅ አልነበረም።

ታዲያ ምን አደረጉ? የሰፈሩን ሕዝብ ለስብሰባ ሲጠሩ በመድረክ ላይ ቆመው ንግግር አላደረጉም። የያኔው የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር፣ ዛሬ የሰፈሩ የአረንጓዴ ቦታ ኮሚቴ ሊቀ መንበር የሆኑትና ፊት ረድፍ ላይ የተቀመጡት፣ አዳራሹን በነፃ ፈቀዱላቸው፤ ለዚህ ውለታቸው ዛሬም እናመሰግናቸዋለን። እህታችን ወንበሮቹን ሁሉ አስወጥተው፣ ልብስ ሰፊዎች በገጠሙላቸው ሸራ ላይ ወንዙን፣ አስፋልቱንና የእያንዳንዱን ሰው ቤት ስለው ወለሉን ሞሉት። ከዚያም የመጣው ሰው ሁሉ ጫማውን አውልቆ፣ ቤቱን ፈልጎ እዚያ ላይ ቆሞ፣ በእጁ ጠመኔ ይዞ በየቀኑ የሚሄድበትን መንገድ በካርታው ላይ እንዲሄድ ጠየቁ። ዳቦ ጋጋሪው ከነዱቄቱ መጥቶ ሄደ። ዓይነ ስውሩ ራዲዮ ጠጋኝ በሚስታቸው ክንድ ተደግፈው ሄዱ፤ እርሷ መንገዱን በሳተችበት ሁሉ እርሳቸው አረሟት። የትምህርት ቤት ልጆች ደግሞ እንዳይሄዱ በተከለከሉበት ሁሉ ሄዱ። የፕላን ክፍሉ ሥራ አስኪያጅ በጫማቸው ከዳር ቆመው ሲመለከቱ፣ እህታችን ወይ ያውልቁ ወይ ይውጡ አሏቸው፤ ሰውየው ያመነቱት በንቀት ሳይሆን ካልሲያቸው አውራ ጣታቸው ላይ ተቀዶ ስለነበር መሆኑ ሲታወቅ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በመጨረሻ የሁሉም ጠመኔ የተደራረበበት ቦታ ነጭ ሆኖ ታየ፤ እርሱም ወንዝ ዳሩ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ያን ጊዜ በሸራው ላይ በባዶ እግራቸው ቆመው፣ ይህ ቦታ ለመኪና ከተሰጠ እኔን ረግጠው ነው የሚያልፉት ብለው የተናገሩትን እኛ አልረሳነውም፤ እርሳቸው ረስተውት እንደሆነ ለማስታወስ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት የእንግልት ዓመታት ነበሩ። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይልካል፤ ሌላው ወደ መጀመሪያው ይመልሳል፤ አለቃ ይቀየርና ነገሩ እንደ አዲስ ከሀ ይጀመራል። ባለቤታቸው በእነዚህ ዓመታት ታመው ሲያርፉ፣ እህታችን ከቀብር መልስ ሐዘን ሊቀመጡ ሲገባቸው በማግስቱ ስብሰባ አለብኝ ብለው መውጣታቸው ብዙ አሳምቷቸዋል። ስብሰባው የጭነት መኪና ማቆሚያው ጉዳይ የሚወሰንበት እንደነበር፣ እርሳቸው ባይገኙ ኖሮ ዛሬ ወንዝ ዳሩ ላይ ዘይት ይፈስስ እንደነበር የሐሜቱ ባለቤቶች ያወቁት ቆይተው ነው። በመጨረሻ እግዜር እንደ ፈቀደው ሆኖ ፍርስራሹ ተነሣ፤ መንገዱ ተጠረገ፤ ዛፍ ተተከለ፤ አግዳሚ ወንበር ገባ። እህታችን ጡረታ በወጡበት ዓመት መንገዱ ተከፈተ። የልብ ሕመምተኛው ሐኪሙ ያዘዘለትን እርምጃ እዚያ ተራመደ፤ ከቀዶ ጥገና የተነሡ እናት ከወንበር ወደ ወንበር እያረፉ ገበያ ደረሱ፤ ልጆች እየተሯሯጡ ትምህርት ቤት ገቡ፤ የከንፈር ወዳጆችም ጨለማ ፍለጋ መሄዳቸውን ትተው በፀሐይ ተቀመጡ። በእነዚያ ጥቂት ዓመታት እትዬ መንገድን በደስታ የሚያክላቸው ሰው አልነበረም።

እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ቀስ በቀስ ደግሞ የሰው መንገድ እግሩ ይቆረጣል። መንገዱን ለመንከባከብ ከዚሁ ሰፈር ኮሚቴ ተቋቋመ፤ እሰየው አልን። አንድ ወንበር ተሰብሮ በመገኘቱ ለጥበቃ እንዲያመች አጥር ይታጠር ተባለ፤ ይሁን አልን። አጥር ካለ በር ያስፈልጋል ተባለ፤ በር ካለ የመክፈቻና የመዝጊያ ሰዓት ያስፈልጋል ተባለ። ወጣቶች ይጮኻሉ ተብሎ ማታ ተዘጋ፤ ልጆች ሣር ይረግጣሉ ተብሎ ጠዋት ተዘጋ፤ ችግኙ እስኪጸድቅ ተብሎ ቀኑን ሙሉ ተዘጋ። ችግኙ ጸድቆ ጥላ ሲጥልም ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና በሩ እንደተዘጋ ቀረ። ጥበቃ ተቀጠረለት፤ ለጥበቃው ግን ቁልፍ አልተሰጠውም፤ ከውጪ ቆሞ የተዘጋውን ይጠብቃል። በበሩ ላይ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ የተሰቀለውን ሁላችሁም አንብባችኋል፤ «ይህ ቦታ የሁላችንም ሀብት ነው፤ መግባት ክልክል ነው» ይላል። ይህንን ያዘዘው ሰው እንዴት በሰላም እንደሚተኛ ይገርመናል።

በሩ የሚከፈተው ሙሽሮች ፎቶ ሊነሡ ሲመጡና እንግዳ ሊጎበኝ ሲመጣ ብቻ ሆነ። አምና ደግሞ በከተማው ውስጥ በጥሩ ሁኔታ ለተያዘ አረንጓዴ ቦታ የሚሰጠው ሽልማት ለዚሁ ቦታ ተሰጠ፤ ዳኞቹ አንድም የተረገጠ ሣር አላየንም ብለው አድንቀው ሄዱ። ይህንን የሰማ አንድም ሰው የሚራመድ ሰው የሌለበት የእግር መንገድ በምን ሒሳብ እንደተሸለመ አልጠየቀም። ሣሩን አይተው ገደሉን አላዩም፤ ገደሉ ከበላዩ ያለው አስፋልት ነው። መንገዱ ሲዘጋ እኮ ሰው ገበያ መሄዱን አልተወም፤ ልጅም ትምህርት ቤት መሄዱን አልተወም። እንደ ድሮው ትከሻውን ግንቡ ላይ ወደ መለጠፍ ተመለሰ። መንገዱን ከጭነት መኪና ያዳነው ሕዝብ፣ መንገዱን ከራሱ ለማዳን ብሎ ራሱን ለጭነት መኪና ሰጠ። እህታችንን ከምንም በላይ ያንገበገባቸው ይህ ነበር። ባዕድ ቢዘጋው ኖሮ መክሰስ ይችሉ ነበር፤ የዘጉት ግን በሸራው ላይ አብረዋቸው በባዶ እግራቸው የሄዱት ሰዎች ነበሩ።

በተደጋጋሚ ወደ ኮሚቴው ሄደው በሩ እንዲከፈት ለምነዋል፤ መለመን የማያውቁ ሰው ስለነበሩ ልመናቸው ቁጣ ይመስል ነበር ቢባል እውነት ነው። ሣር የሚረገጥ ነገር ነው፣ የተሰበረ ወንበር ይጠገናል፣ የተሰበረ ሰው ግን አይጠገንም ብለዋቸዋል። ኮሚቴውም ትልቅ ሰው አይነካም በሚል ሥርዓት አዳምጦ ሸኛቸው። አንድ ቀን ግን ሊቀ መንበሩና ሁለት አባላት ቤታቸው ድረስ መጥተው፣ ለመንገዱ ላደረጉት አስተዋጽኦ በሪባን የታሰረ የበሩን ቁልፍ አበረከቱላቸው፤ እርስዎ በፈለጉት ሰዓት ገብተው ይንሸራሸሩ፣ ለሌላ ሰው ግን እንዳይሰጡ አሏቸው። እህታችን ቁልፉን አገላብጠው ካዩት በኋላ ወደ መጣበት መለሱት፤ «ለእኔ ብቻ የሚከፈት በር ለእኔም ዝግ ነው» ብለው እንግዶቹን እስከ ደጅ ሸኙ። ሊቀ መንበሩ በዚህ ተቀይመው ለብዙ ወራት ሰላምታ ነፈጓቸው። እንኳን እርሳቸው፣ እኛ ቤተሰቦቻቸውም ይህን ያህል ግትርነት ምን ያደርጋል፣ ቁልፉን ቢይዙት ምናለበት ብለን ነበር። አሁን ሲገባን ጊዜው አልፏል።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እህታችን ጠዋትና ከሰዓት በአስፋልቱ ዳር ከትምህርት ቤት ልጆች ጋር መሄድ ጀመሩ። ማንም አላዘዛቸውም። ልጆቹን በግንቡ በኩል አሰልፈው፣ እርሳቸው በመኪናው በኩል፣ ደማቅ ቢጫ የዝናብ ልብስ ለብሰው ይሄዱ ነበር፤ ዝናብ ባይኖርም ይለብሱት ነበር። በሰባ አንድ ዓመታቸው ይህ ለእርሳቸው የሚገባ ሥራ እንዳልሆነ ልጃቸው ስትነግራቸው፣ ለማን እንደሚገባ እንድትነግራቸው ጠየቋት። የዛሬ ሦስት ሳምንት ከሰዓት በኋላ፣ ልጆቹን ይዘው ሲመለሱ፣ ቁልቁል ይወርድ የነበረ አንድ የጭነት መኪና ፍሬኑ እምቢ ብሎት ዳሩን ይዞ መጣና በኋላ ጎኑ መታቸው። ከልጆቹ አንዱም አልተነካም። እህታችን ሆስፒታል ገብተው ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ ከውስጥም ደም ፈስሶ ስለነበር ሐኪሞች የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ። የነቁ ጊዜ ስለ ሕመማቸው አንድም ቃል ሳይናገሩ፣ አጠገባቸው የተቀመጠውን ወንድ ልጃቸውን «ልጆቹ ዛሬ በየት ሄዱ?» ብለው ይጠይቁት ነበር። ልጃቸውም በወንዝ ዳሩ ሄዱ፣ በሩ ተከፍቷል ብሎ ዋሻቸው። ፈገግ ብለው ተኙ። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ ልጆቻቸውና ታናሽ ወንድማቸው ከአልጋቸው አጠገብ እያሉ፣ ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

ኮሚቴው ለሐዘን ሲመጣ በዚህ ጽሑፍ ላይ እንዲገባ የጠየቀው ነገር ነበር። በድንገተኛ አደጋ አረፉ ተብሎ ብቻ እንዲነበብ፣ ተሸላሚው መናፈሻም በስማቸው እንደሚሰየም እንዲገለጽ ጠይቋል። እኛም ይኸው ገልጸናል። ድንገተኛ ግን አልነበረም። ድንገተኛ የሚባለው ማንም ያላሰበው ነገር ነው፤ ይህንን እርሳቸው በየስብሰባው ሲናገሩት ኖረዋል፤ እናንተም በየስብሰባው ሰምታችኋል። አንዳንዶች ጥፋቱ የሹፌሩ ነው ይላሉ፤ ሹፌሩ በሕግ ይጠየቃል። ነገር ግን የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አይሆንም። ሹፌሩ ፍሬኑን አላስፈተሸም፤ እኛ ደግሞ ሰውን ከፍሬኑ ፊት አቆምነው። ወንዝ ዳሩ ላይ ዛሬም ሣሩ ለምለም ነው፤ ወንበሮቹም ማንም ሳይቀመጥባቸው ቀለማቸው ያበራል። ስማቸውን በተቆለፈ በር ላይ እንድትጽፉ ቤተሰቡ አይፈቅድም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ እንባችሁን አይተናል፣ አልጠረጠርነውም፤ የቸገረን ከእንባው በኋላ ወደየቤታችሁ ስትመለሱ ቁልፉ ኪሳችሁ ውስጥ መሆኑ ነው።

እህታችን ደግ ነበሩ፣ ለሰው አዛኝ ነበሩ፣ የሚለውን የተለመደ ቃል ያላነበብነው ስለረሳነው አይደለም። ደግነታቸው በቃል ለመግለጽ የሚያስቸግር፣ በእጅ የሚያዝ ዓይነት ነበር። የጎረቤት ልጅ ሲታመም ሾርባ ይዘው ከመሄድ ይልቅ መስኮቱ ለምን አይከፈትም ብለው ከአከራዩ ጋር የሚጣሉ ሰው ነበሩ፤ ብዙዎቻችሁ በእርሳቸው ጥል ንጹሕ አየር የተነፈሳችሁ ናችሁ። ያስቀየሟችሁ ካላችሁ ይቅር በሏቸው፤ እርሳቸው እንኳ ማንንም ተቀይመው አላደሩም፤ ጠዋት ተነሥተው እንደገና ይጣሏችሁ ነበር እንጂ።

እህታችን ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ አንድ አማቻቸውን፣ አንዲት ምራታቸውን፣ ታናሽ ወንድማቸውንና የወንድማቸውን ቤተሰብ ትተው አልፈዋል። ከእነዚህ በተጨማሪ ዛሬ በትምህርት ቤት ልብሳቸው መጥተው ከኋላ የቆሙትን፣ ከእንግዲህ በመኪናው በኩል የሚሄድላቸው ሰው የሌላቸውን ልጆች ትተዋል። በሕመማቸው ጊዜ ለተንከባከቧቸው ሐኪሞችና ነርሶች፣ ለአስታማሚዎች፣ ሌት ተቀን ላልተለዩን ጎረቤቶች ሁሉ ምስጋናችን ከልብ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶናል። ወደ መካነ መቃብሩ የሚወስዱት መንገዶች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ወንዝ ዳሩ፣ ሁለተኛው አስፋልቱ። ሊቀ መንበሩ ዛሬ ጠዋት መጥተው ለአስከሬናቸው ክብር ሲባል በሩን እንደሚከፍቱ ነገሩን። ከቀብር በኋላስ ክፍት ሆኖ ይቆያል ወይ ብለን ጠየቅናቸው። ኮሚቴው ተሰብስቦ ያየዋል አሉን። እኛም አመስግነን እምቢ አልን፤ ለሬሳቸው ተከፍቶ ከኋላቸው በሚዘጋ በር እህታችን አያልፉም፤ በሕይወታቸው ያልተቀበሉትን ቁልፍ ሞተው አንቀበልላቸውም። ስለዚህ የምንሄደው በአስፋልቱ ነው፤ ኮሚቴውም ከእኛ ጋር በእግሩ እንዲሄድ በአክብሮት እንጠይቃለን፤ መኪና ያላችሁም መኪናችሁን እዚሁ አቁሙ።

ፈጣሪ የእህታችንን ነፍስ በክፍት ቦታ፣ በር በሌለበት፣ ድካም በማይደርስበት ያሳርፍልን፤ ለልጆቻቸው መጽናናትን፣ ለእኛም ማፈርን ይስጠን፤ አሜን። አሁን ተሸካሚዎች ቅረቡ። ከግንቡ ሥር ያለው ቦታ ጠባብ ስለሆነ በሁለት በሁለት ሆነን እንሄዳለን፤ ልጆች የያዛችሁ በግንቡ በኩል አድርጓቸው።